ግጥሙን ከታሪኩ እንዴት እንለያለን? ሻህናሜ በፋርስኛ በተጻፉ የነገሥታት ዜና መዋዕሎች ውስጥ

ብራና ገላጭ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። በሴልጁቆችና በሞንጎሎች ዘመን በፋርስኛ የተጻፉ ዜና መዋዕሎችን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመዋል። ጸሐፊው በስድ ንባብ ሲተርክ ቆይቶ ጦርነቱ ሲፋፋም ወይም ንጉሡ ሲሞት ድንገት ሁለት ሦስት ጥንድ ስንኝ ጣል ያደርግና ወደ ትረካው ይመለሳል። ተርጓሚዎች አንዳንዴ «ከሻህናሜ» (ፊርዶውሲ ስለ ፋርስ ነገሥታት ከጻፈው ረጅም ግጥም) ብለው በግርጌ ያመለክታሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግጥም የተጻፉ ታሪኮችም አሉ።

ለማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ይህ ሁሉ በርግጥ የፊርዶውሲ ተጽዕኖ ነው ወይስ የፋርስኛ ጽሑፍ ሁሉ ልማድ? ሁለተኛው የበለጠ ያስጨንቃል፦ «አቧራው ፀሐይን ጋረደ፣ ሱልጣኑ እንደ ሩስተም (የሻህናሜ ዋና ጀግና) ገባበት» የሚል ገጽ ላይ በእውነት የተፈጸመውን ከግጥም ከተዋሰው ለመለየት የሚያስችል አሠራር አለ? የፋርስኛ ፊደል አነባለሁ፤ የግጥሙን ምጣኔ ግን አላውቅም።

ጥንድ ስንኝ

ከሁለተኛው በፊት የመጀመሪያውን ማጥራት ይሻላል፤ «የሻህናሜ ተጽዕኖ» እየተባሉ የሚጠሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉምና።

ፊርዶውሲ ሥራውን የጨረሰው በ1010 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ወደ 50,000 ጥንድ ስንኝ አለው፤ ከመጀመሪያው ንጉሥ ከከዩመርስ ተነሥቶ በ651 እስከ ተገደለው የመጨረሻ ሳሳናዊ ንጉሥ፣ እስከ ሳልሳዊ የዝድገርድ ይዘልቃል። ያቀረበው ለገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ስለሆነ ብዙ ሰው የማሕሙድ ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ወዲያው የተከተሉት ይመስለዋል። አልተከተሉትም። የማሕሙድን ዘመን የጻፈው ዑትቢ የጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው በይሀቂም የሩደኪንና የሌሎችን ግጥም ሲጠቅስ ፊርዶውሲን ያልፈዋል። ሻህናሜ ዜና መዋዕል ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም በተለያዩ በሮች ነው።

አንደኛው በር ምንጭ መሆን ነው። በ1126 የተጻፈውና ደራሲው ያልታወቀው «ሙጅመል አት-ተዋሪኽ» ስለ ጥንት የፋርስ ነገሥታት ሲተርክ ሻህናሜን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ይጠቀምበታል። ይህ ማስጌጥ አይደለም፤ መረጃ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ጥቅስ ነው። በ1200ዎቹ መጀመሪያ ራዋንዲ የሴልጁቆችን ታሪክ «ራሐት አስ-ሱዱር» ብሎ ሲጽፍ የሻህናሜን ስንኞች በመቶዎች እያስገባ ነው የጻፈው። አንባቢ የማይጠብቀው ነገር ግን አለ፦ አብዛኞቹ የጦር ሜዳ ስንኞች አይደሉም። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጊዜ ከሃዲነት፣ ንጉሥ ከመካሪ ጋር ስለሚኖርበት መንገድ የሚናገሩ ምክሮች ናቸው። ራዋንዲ ፊርዶውሲን የያዘው እንደ መካሪ ነው እንጂ እንደ ጦር ሜዳ ዘፋኝ አይደለም። መጽሐፉ የተበረከተለት የሩም ሴልጁቅ ሱልጣን ስሙ ካይ ኾስሮው ነበር፤ በዚያው ሥርወ መንግሥት ካይ ካውስና ካይ ቁባድ የተባሉ ሱልጣኖችም ነግሠዋል። ሦስቱም የሻህናሜ ነገሥታት ስሞች ናቸው።

ሦስተኛው የትውልድ ሐረግ ነው። ሳማናውያንና ቡያውያን የተባሉ ሥርወ መንግሥታት ከሻህናሜ ሰዎች ጋር ተዛመዱ፤ ሳማናውያን ራሳቸውን ከባህራም ቹቢን፣ ቡያውያን ከንጉሥ ባህራም ጉር አገናኙ። በማዕከላዊ እስያ የነገሡት ካራካናውያን «የአፍራሲያብ ቤት» ይባሉ ነበር። አፍራሲያብ በግጥሙ ውስጥ የኢራን ዋና ጠላት፣ የቱራን ንጉሥ ነው! የግጥሙ ክብር ጠላት የተባለውን ገጸ ባሕርይ እንኳ የሚፈለግ ቅድመ አያት አድርጎታል ማለት ነው። ዜና መዋዕል ውስጥ እንዲህ ያለ ሐረግ ሲገጥም «ውሸት» ብሎ መዝለል አይበጅም፤ ቤተ መንግሥቱ በግጥሙ ውስጥ የቱ ወገን ላይ መቆም እንደመረጠ የሚናገር ማስረጃ ነው።

አራተኛው ቅርጹ ራሱ ነው፤ ሙሉ ታሪክን በሻህናሜ ምጣኔ መጻፍ። ለዚህ ምጣኔውን ማወቅ ግድ ነው፤ ከባድ ደግሞ አይደለም። ስሙ ሙተቃሪብ ይባላል። የሻህናሜን የመጀመሪያ ስንኝ እንይ፦

ቤ ናሜ ኾዳቨንዴ ጃኖ ኼረድ

«በነፍስና በአእምሮ ጌታ ስም» ማለት ነው። ሲከፈል፦ ቤ-ና-ሜ / ኾ-ዳ-ቨን / ዴ-ጃ-ኖ / ኼ-ረድ። 11 ቀለም ነው። አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ መዝጊያው አጭርና ረጅም ብቻ ነው። «ሜ» እና «ዴ» ላይ ቆም ይበሉ። ሁለቱም ስምን ከስም የሚያያይዘው ያው አንድ ድምፅ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር ሆኖ ተቆጥሯል። ገጣሚው ሲቸግረው የሚስበው ሲበቃው የሚያሳጥረው ይህን ነው። ሌላም ሕግ አለ፦ እንደ «ሻህ» በረጅም አናባቢና በተነባቢ የተሠራ ቀለም በስንኝ መካከል እንደ ረጅምና አጭር ይቆጠራል፤ የዘጋው «ን» ከሆነ ግን ረጅም ብቻ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ 11 ሊሞላ ሲገባ 10 ያገኝና ስንኙ የተበላሸ ይመስለዋል።

ለታሪክ አንባቢ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በሙተቃሪብ ውስጥ ሁለት አጫጭር ቀለሞች ጎን ለጎን አይቆሙም፣ ሦስት ረጃጅምም አይደረደሩም። እንደ «ሐ-ረ-ከት» ያለ ቃል አይገባም። ስለዚህ በግጥም የተጻፈ ታሪክ ላይ የሰው ወይም የቦታ ስም ተጨምቆ፣ ተስቦ፣ ወይም በማዕረግ ተተክቶ ቢገኝ ጸሐፊው አላወቀውም ብላችሁ አትቸኩሉ። ምጣኔው አልቀበል ብሎት ይሆናል።

ማስረጃ ይቅደም

ጥንድ ስንኝ የጻፉት ጥሩ ነው፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን ሳይጨመርበት እንዳያልፍ። ሙተቃሪብ መሆኑ ብቻውን የሻህናሜ ምልክት አይደለም። ገጣሚው ኒዛሚ ስለ ታላቁ እስክንድር የጻፈው «እስክንደርናሜ» በሙተቃሪብ ነው። ሳዲ በ1257 የጨረሰው «ቡስታን»፣ ስለ ፍትሕና ስለ ትሕትና የሚናገረው፣ እርሱም በዚሁ ምጣኔ ነው። ሃቲፊ የቲሙርን ዘመቻዎች በግጥም ሲጽፍ ዓይኑ ያረፈው በኒዛሚ እስክንድር ላይ ነው እንጂ በሩስተም ላይ አይደለም። ዜና መዋዕል ውስጥ ያለ ስም ያልተጻፈለት ጥንድ ስንኝ ከፊርዶውሲ፣ ከኒዛሚ ወይም ከሳዲ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ራሱ የገጠመው ሊሆንም ይችላል። ሸረፍ አድ-ዲን ዓሊ የዝዲ በ1420ዎቹ ስለ ቲሙር በጻፈው «ዘፈርናሜ» ስድ ንባቡን በሙተቃሪብ ስንኞች እያቋረጠ ነው የሚሄደው። ምጣኔው ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል፤ ፍርድ አይሰጥም።

ብራና ገላጭ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምጣኔው አሁን ገባኝ። በአንድ ቦታ ብንሞክረውስ? ጁወይኒ ጀላል አድ-ዲን የኢንዱስን ወንዝ በፈረስ ዘሎ የተሻገረበትን ሲተርክ ጄንጊስ ካን በአድናቆት አፉን ይዞ «ከአባት እንዲህ ያለ ልጅ ይወለድ» አለ ይላል። ይህ ታሪክ ነው ወይስ ሻህናሜ?

የዳር ማስታወሻ

ጥሩ ቦታ መረጡ። ሁለቱም በአንድነት ያሉበት ገጽ ነው፤ በሦስት ጥያቄ መግባት ይቻላል።

መጀመሪያ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደጻፈ። ውጊያው የሆነው በ1221 ነው። ጁወይኒ «የዓለም አሸናፊው ታሪክ» የተባለውን መጽሐፉን ያጠናቀቀው በ1260 ገደማ ነው፤ ወደ 40 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ሲጽፍ የሞንጎሎች ሹም ነው፤ የሞንጎሎቹን ገዥ ሁላጉን ተከትሎ ሄዷል፣ ባግዳድንም አስተዳድሯል። ጀላል አድ-ዲን ደግሞ ሞንጎሎችን እስከ መጨረሻው የተዋጋ የኸዋሪዝም ሱልጣን ነው። የጌታውን ጠላት በራሱ አንደበት ጀግና ብሎ ማወደስ ለጁወይኒ አይመችም። ምን አደረገ? ውዳሴውን በጄንጊስ ካን አፍ አኖረው፤ ቀጥሎም በሻህናሜ ስንኝ አጠናከረው። ጠላት ካመሰገነውና ፊርዶውሲ ከመሰከረለት ጸሐፊውን የሚጠይቀው የለም።

ከዚህ የሚወጣውን አሠራር በየትኛውም የዘመኑ ዜና መዋዕል ላይ መሞከር ይቻላል። ስድ ንባቡ ተቋርጦ ስንኝ በገባበት ቦታ «እዚህ ምን ተደረገ?» ከማለት በፊት «እዚህ ጸሐፊው በራሱ ድምፅ ማለት ያልቻለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ስንኙን ወደ መጣበት ቦታ መልሶ ማንበብ። በሻህናሜ ውስጥ ያንን ስንኝ የሚናገረው ማን ነው? ለማን? ከመሸነፍ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለሲያውሽ የተነገረ ስንኝ ለአንድ ልዑል ሞት ከተጠቀሰ ጸሐፊው «በግፍ ነው የሞተው» ማለቱ ነው፤ ሲያውሽ በአፍራሲያብ ትእዛዝ ያለ ኃጢአቱ የተገደለ ነውና። ትከሻው ላይ እባቦች ከበቀሉበት ከዘሐክ ታሪክ የተወሰደ ስንኝ ስለ አንድ ቀረጥ ሰብሳቢ ሹም ከገባ ክሱ ከባድ ነው። የዘመኑ አንባቢ ታሪኩን ስለሚያውቀው ግማሹ ይበቃው ነበር። እኛ ግን ተርጓሚው በግርጌ ካልነገረን እንዲሁ እናልፈዋለን፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው፣ ብዙ ትርጉሞች ስንኞቹን «ጌጥ» ብለው የሚያሳጥሩት ጸሐፊው ፍርዱን ያስቀመጠበትን ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ምስክሮቹ ስንት ናቸው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ራሺድ አድ-ዲንም (ከጁወይኒ በኋላ የመጣ የሞንጎሎች ታሪክ ጸሐፊ) ያንኑ ይላል» ይባላል። ራሺድ አድ-ዲን በዚህ ክፍል የሚመገበው ከጁወይኒ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሸምስ አድ-ዲን ካሻኒ፣ በሞንጎሎቹ ገዥ በጋዛን ካን ትእዛዝ፣ የሞንጎሎችን ታሪክ በሻህናሜ ምጣኔ ገጠመው። ሦስት መጽሐፍ ሆኑ፤ ምስክሩ ግን አንድ ነው፣ እየተገለበጠ የሄደ። ለየብቻ የቆመ ምስክር ከተፈለገ ወደ ነሳዊ መሄድ ያስፈልጋል፤ የጀላል አድ-ዲን ጸሐፊ የነበረና የጌታውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈ ሰው ነው። ነሳዊ ላይ ወንዙ ዳር የሚገኘው ሌላ ትዕይንት ነው፦ የሱልጣኑ እናትና የቤቱ ሴቶች ከምርኮ እንዲያድናቸው፣ እንዲገድላቸው ይለምኑታል፤ በትእዛዙም ወንዙ ውስጥ ይሰምጣሉ። በዚህ ውስጥ ሩስተም የለም። ከሁለቱ ጋር ተያይዞ የሚቆመው ፍሬ ነገር፦ ጀላል አድ-ዲን በኢንዱስ ዳር ተሸነፈ፣ ወንዙን ተሻግሮ አመለጠ። የጄንጊስ ንግግር የጁወይኒ ፍርድ ሆኖ ይነበብ።

ሦስተኛው የተለመዱ ሐረጎችን ማወቅ ነው። አቧራ ፀሐይን ሲጋርድ፣ ሠራዊት እንደ ባሕር ሲናወጥ፣ ከውጊያ በፊት ሁለት ጀግኖች ብቻ ለብቻ ሲገጥሙ፣ ንጉሥ ሲነግሥ ንግግር ሲያደርግ፣ ሊሞት ሲል ልጁን ሲመክር፣ ሌሊቱ ነግቶ ፀሐይ ወርቃማ ጋሻዋን ስታነሣ። እነዚህ ቦታቸው የታወቀ ነው። «ከማሂ እስከ ማህ» የሚለውም እንዲሁ፤ ማሂ ዓሣ ነው፣ ማህ ጨረቃ፣ ዓሣው ደግሞ ምድርን ከታች ተሸክሟል የሚባለው ነው። ከምድር መሠረት እስከ ሰማይ ማለት ነው እንጂ ስለ ርቀት የሚናገረው የለም። በፊርዶውሲ ስም የሚጠቀስ አንድ ጥንድ ስንኝ በፈረሶች ኮቴ ብዛት «ምድር ስድስት፣ ሰማይ ስምንት ሆነ» ይላል። ምድርም ሰማይም ሰባት ሰባት ንብርብር አላቸው ከሚለው የተነሣ ነው፤ ከምድር አንዱ ንብርብር አቧራ ሆኖ ወጥቶ ሰማይ ላይ ተደመረ። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ «100 ሺህ ፈረሰኛ» የሚል ቁጥር ቢገኝ ከዚያው ከሰማዩ ንብርብር ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ። የፈረሰኛ ቁጥር ከስድ ንባቡ፣ ከአዛዦች ስምና ከቀን ጋር ሲመጣ ነው ክብደት የሚኖረው።

ጥንድ ስንኝ

ሙሉ በሙሉ በግጥም ስለተጻፉት ልጨምር፤ አሠራሩ ትንሽ ይለያል።

ከሁሉ የሚመቸው ሐምዱላህ ሙስታውፊ ነው። የቀዝዊን ሰው፣ በሙያው የመንግሥት ሒሳብ ሹም ነበር። «ዘፈርናሜ»ን (ከየዝዲው ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ መጽሐፍ ነው) በ1335 ጨረሰ፤ 75,000 ጥንድ ስንኝ፣ ከሻህናሜ በግማሽ ይበልጣል። 25,000ው ስለ ዐረቦች፣ 20,000ው ስለ ፋርሶች፣ 30,000ው ስለ ሞንጎሎች ነው። ፊርዶውሲ ካቆመበት ተነሥቶ ታሪኩን እስከ ራሱ ዘመን ማድረስ ነበር ዓላማው። 15 ዓመት ስለፈጀበት በአማካይ በቀን 14 ጥንድ ስንኝ ያህል ነው፤ ምንጭ ለማገላበጥ ጊዜ የሚተርፈው ፍጥነት። የሻህናሜን የተለያዩ ቅጂዎች እያስተያየም ጽሑፉን ለማቃናት ደክሟል። በ1405 የተገለበጠውና አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው ቅጂ ዘፈርናሜን በመሐል፣ ሻህናሜን በኅዳጉ ይዟል፤ ሁለቱን እንደ አንድ መጽሐፍ ያዩ እንደነበር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም። ለጠያቂያችን ጥቅሙ እነሆ፦ ይኸው ሰው በ1330 «ታሪኬ ጎዚዴ» የተባለ ስድ ንባብ ታሪክ ጽፏል። አንድ ክስተት ይምረጡ፣ በሁለቱም ያንብቡ። በስድ ንባቡ ያልነበረና በግጥሙ የተጨመረ ነገር ንግግር፣ የንጋት ሥዕል ወይም የምክር ቃል ከሆነ ከቅርጹ የመጣ ነው። የቦታ ስም፣ ዝምድና ወይም ገንዘብ ነክ ዝርዝር ከሆነ ግን አዲስ ምንጭ አግኝቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ይያዝ።

ኢሳሚ ተቃራኒው ነው። በሕንድ ደካን፣ በደውለታባድ ተቀምጦ «ፉቱሕ አስ-ሰላጢን»ን በ1350 ያጠናቀቀው በአምስት ወር ገደማ ነው፤ 12,000 ጥንድ ስንኝ ያህል። በቀን ከ70 ያላነሰ ይወጣዋል። በዚህ ፍጥነት ሐረግ ከጆሮ ይመጣል፣ ከመጽሐፍ አይመጣም። ስለዚህ የተለመዱ የጦርነት ሥዕሎች እርሱ ላይ ይበዛሉ። መጽሐፉን ያቀረበለት አላ አድ-ዲን ባህመን ሻህ ከሻህናሜው ጀግና ከኢስፈንዲያር ልጅ ከባህመን ተወለድኩ ባይ ነበር፤ ያመፀበት የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ደግሞ ኢሳሚ አምርሮ የሚጠላው ነው። አንዱ በሻህናሜ ጻድቃን፣ ሌላው በሻህናሜ ግፈኞች መልክ መሳሉ አይቀርም። ሆኖም ስለ ደካን የሚነግረን ነገር ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝምና ጭፍን ባለ ጥርጣሬ መጣል አያዋጣም።

ኦቶማኖች ይህን ሥራ እስከ ሹመት አደረሱት። በሱለይማን ዘመን ሸህናሜጂ የሚባል የቤተ መንግሥት ቦታ ተፈጠረ፤ ሥራው የሥርወ መንግሥቱን ታሪክ በሻህናሜ መልክ መጻፍ ነው። አሪፊ «ሱለይማንናሜ»ን በ1558 በፋርስኛ፣ በሙተቃሪብ ጨረሰ። ከእርሱ በኋላ በዚያው ቦታ የተሾመው ሎክማን እያደር ወደ ቱርክኛና ወደ ስድ ንባብ አዘነበለ፤ «ሁነርናሜ» የዚህ ፍሬ ነው። አምስት ሰዎች በግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተፈራርቀውበት ቦታው ጠፋ። እነዚህን መጻሕፍት ሥዕሉን ለይቶ ማንበብ አይቻልም፤ ገጹ ሲነደፍ ሥዕሉ ከጽሑፉ ጋር ነው የታሰበው።

ስለ ቀን አንድ ወጥመድ። ግጥም ዓመትን በቀጥታ አይናገርም። ፊርዶውሲ ራሱ የጨረሰበትን ዓመት «ከሒጅራ ወዲህ አምስት ጊዜ ሰማንያ አለፈ» ብሎ ነው የሚሰጠው፤ 5 ጊዜ 80፣ የሒጅራ 400 ማለት ነው። ይህን እንደ 85 ያነበበ ሰው ከ300 ዓመት በላይ ይስታል። የተከተሉትም ዓመትን እያባዙ፣ እየደመሩ፣ ከፍለው ይሰጣሉ። ቃላቱን እንዳሉ ገልብጦ፣ ስሌቱን በጎን ጽፎ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መለወጥ ነው የሚሻለው፤ የሒጅራ ዓመት ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር አንድ የሒጅራ ዓመት ብዙ ጊዜ በሁለት የአውሮፓ ዓመታት ላይ ይተኛል።

ማስረጃ ይቅደም

በመጨረሻ ጥቅስ ስለማረጋገጥ። ሻህናሜ በድሮ እትሞች ከፊርዶውሲ ያልሆኑ ብዙ ስንኞች ገብተውበታል። ማመሳከሪያው የኻሌቂ ሞጥላቅ ባለ 8 ቅጽ እትም ይሁን፤ በ1988 ጀምሮ በ2008 ያለቀ ነው። ስንኙን በዋናው ጽሑፍ ካጡት ወደ ግርጌው የቅጂዎች ልዩነት ይውረዱ። እዚያም ከሌለ «የፊርዶውሲ አይደለም» ብሎ ከመዝጋት በፊት ቆም ማለት ይገባል። የደረሰን የሻህናሜ ጥንታዊ ቅጂ በፍሎረንስ ያለው የ1217 ነው፤ እርሱም የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ነው። ቀጥሎ የለንደኑ የ1276 አለ። ራዋንዲ ግን የጻፈው ከሁለቱም በፊት ነው። የራዋንዲ መጽሐፍም ከደራሲው እጅ ሳይሆን በኋላ ከተገለበጠ ቅጂ ነው የደረሰን፤ ገልባጩ ስንኙን በሚያውቀው መልክ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ራዋንዲ ላይ ያለ ስንኝ ከፍሎረንሱ ቅጂ በአንድ ቃል ቢለይ ስህተቱን የግድ ራዋንዲ ላይ አትጣሉ። ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን መዝግቡ፤ የሻህናሜን ጽሑፍ የሚያቃኑ ሰዎች የሚፈልጉት ያንን ልዩነት ነው።